አንቴናው ሞልቷል፣ ዋጋው አልደረሰም፦ የካራቆሬ ማሾና የስልካችን ኢንተርኔት

ዛሬ የተለመደውን የዋጋ ዝርዝር አቆይቼ ዋጋው ስለሚጓዝበት መንገድ ላወራችሁ ነው። አስፋልቱን ማለቴ አይደለም፤ ስልካችሁ ውስጥ ስላለው መንገድ ነው።

የማሾ ወቅት በመጣ ቁጥር ከይፋት ቆላ የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ነው። «የጠዋቱን ዋጋ ማታ ቤት ገብቼ አየሁት።» «ቴሌግራሙ ይሽከረከራል እንጂ አይከፍትም።» «አንቴናው ሞልቷል፣ ዳታው ግን አይሠራም።» እንዲህ የሚጽፉልኝ ለወሬ ስልክ የሚነካኩ ሰዎች አይደሉም። ምርታቸውን ሚዛን ላይ አስቀምጠው «ልሽጥ ወይስ ልመልስ?» እያሉ የቆሙ ናቸው።

ነገሩን ከገበያ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ካራቆሬ ላይ አየሁት። ድምዳሜዬን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ካየኋቸው «የማይሠሩ» ስልኮች ብዙዎቹ አልተበላሹም። ኔትወርኩም በቦታው ነበር። የጎደለው የአምስት ደቂቃ ማስተካከያ ነው። የዚያች አምስት ደቂቃ ዋጋ ግን በኩንታል ነው የሚቆጠረው።

ለምን ካራቆሬ?

ካራቆሬ ስል የአዲስ አበባው እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፋችሁ፣ ከሚሴ ሳትደርሱ የምታገኟት የኤፍራታና ግድም ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ ነው። ጤፍና ማሽላው ለቤትም ለገበያም ይሆናል። ማሾ ግን በአብዛኛው ለሽያጭ የሚዘራ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ «እንግዲያው እቤት እንበላዋለን» የሚባል ነገር ብዙም የለም።

የማሾ ዋጋ ደግሞ ካራቆሬ ላይ አይቆረጥም። ገዢው ሕንድ አለ፣ ኢንዶኔዥያ አለ። አንድ ምሳሌ ላንሳ። በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2022፣ በእኛ የካቲት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የሕንድ መንግሥት ማሾን በነጻ ከሚገባ ዕቃ ዝርዝር አውጥቶ ገደብ ያለበት ውስጥ ከተተው። ውሳኔው የወጣው ኒው ዴልሂ ነው፤ የሚነካው ግን እዚህ ጆንያ ይዞ የቆመውን ሰው ነው። ይህን ዜና በዕለቱ ያየ ነጋዴና ከሳምንት በኋላ የሰማ ገበሬ አንድ ሚዛን ፊት ቢቆሙም እኩል አልቆሙም።

በዚያ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የባንኮች የዕለት ተመን የላኪው ስሌት አካል ሆኗል። ጠዋት ተመኑን ያላየ ላኪ ለአቅራቢው ቁርጥ ዋጋ መስጠት ያቅተዋል። አቅራቢው ቁርጥ ካላገኘ ለሰብሳቢው አይነግርም፤ ሰብሳቢው ካልሰማ ደግሞ ለገበሬው የሚሰጠው በግምት ነው። በግምት የሚገዛ ሰው መቼም ለራሱ አያጎድልም፤ ጥርጣሬውን ሁሉ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንሳል።

በምሳሌ እናስላው። በትናንቱና በዛሬው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በኩንታል 300 ብር ነው እንበል። 20 ኩንታል ያለው ገበሬ 6,000 ብር አጣ ማለት ነው። መሠረታዊ ማኅበሩ 400 ኩንታል ሰብስቦ ከሆነ 120,000 ብር ነው። ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ላይ ያለ ሰው ደግሞ የባሰ ነው። ማሾ መጋዘን ገብቶ ይጠብቃል፤ ሽንኩርት አይጠብቅም። የአዲስ አበባውን የሃይሌ ጋርመንት ገበያ ዋጋ ሳይሰማ መኪና ያስጫነ ሰው መንገድ ላይ ነው የሚደነግጠው።

ሦስት ስልኮች፣ ሦስት ምክንያቶች

ገበያ ቀን ሚዛን አጠገብ ጥላ ይዘን ተቀምጠን፣ ባለቤቶቹን እያስፈቀድኩ ስልኮች አየሁ። ሦስቱን ልንገራችሁ፤ የናንተም ከሦስቱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው የአንድ አባት ስልክ ነው፣ ባለ ሁለት ሲም። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ፓኬጅ ልኮላቸዋል፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቴሌግራም አልከፈተም። «አባባ፣ ፓኬጁ የገባው ሲም አንድ ላይ ነው፤ ስልክዎ ግን ዳታ የሚጠቀመው በሲም ሁለት ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ ታዲያ ሁለቱም የኔ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም የሳቸው ናቸው። ስልኩ ግን ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ለሌላው አይከፍልም። ዳታውን ወደ ሲም አንድ ስናዞረው የሦስት ቀን መልእክት እንደ በልግ ዝናብ ወረደ።

ሁለተኛው የአንድ ወጣት ሰብሳቢ ነው። እህቱ ከሳዑዲ የላከችለት፣ ከኛ ሁሉ የተሻለ ስልክ። ይደውላል፣ መልእክት ይቀበላል፤ ኢንተርኔት ግን ዝር አይልም። ማስተካከያው ውስጥ ገብተን ስናይ ኤፒኤን የሚባለው ቦታ ባዶ ነው። ስልኩ ለሌላ አገር ኩባንያ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ የኛን አገር መግቢያ አያውቀውም። ልጁ ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ሊሸጠው ሰው እያፈላለገ ነበር።

ሦስተኛው በጣም የሚገርመኝ ነው፤ የአንድ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ስልክ። ቴሌግራሙ ይሠራል፣ የባንኩ መተግበሪያና ድረ ገጾች ግን እምቢ አሉ። ቀኑን ስናይ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቷል! ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀምጧል። ድረ ገጾችና የባንክ መተግበሪያዎች ደግሞ ሲከፈቱ የሚፈተሽ የዲጂታል መታወቂያ አላቸው፤ መታወቂያው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል ጊዜ አለው። ስልኩ ዛሬን ከብዙ ዓመት በፊት ነው ብሎ ካሰበ «ይህ መታወቂያ ገና አልተጀመረም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ቀንና ሰዓቱን «አውቶማቲክ» ስናደርገው ነገሩ አለቀ። የኛን ሰዓትና ቀን ማየት የሚፈልግ ሰው የኢትዮጵያ ካላንደር መተግበሪያ ይጫን፤ የስልኩን ዋና ሰዓት ግን አይንካ።

አንቴና ሌላ፣ ዳታ ሌላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስልካችን አናት ላይ የሚታየው አንቴና «ታወር አግኝቻለሁ» ነው የሚለው። ለመደወልና ለአጭር መልእክት ያ ይበቃል። ኢንተርኔት ለመግባት ግን ስልኩ «በየትኛው በር ልግባ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። የዚያ በር ስም ነው ኤፒኤን የሚባለው። ታወሩ ገበያው ነው ብትሉ፣ ኤፒኤን የመጋዘኑ በር ነው። ገበያው ውስጥ ቆማችሁ የመጋዘኑን በር ካላወቃችሁ ምርታችሁ ደጅ ያድራል።

ስልኮች የብዙ አገር ኩባንያዎችን የበር ስም ይዘው ነው የሚመጡት። ሲም ስታስገቡ ሲሙ ላይ ያለውን የአገርና የኩባንያ ቁጥር አንብበው ትክክለኛውን ይመርጣሉ። የኢትዮጵያ ቁጥር 636 ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም 01፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 02። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ኤፒኤን የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ዕድሜውን የሚጨርሰው። ችግሩ የሚመጣው ስልኩ ለሌላ አገር ኩባንያ ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ተጠግኖ እንደ አዲስ ሲጫን፣ ወይም አንድ ሰው ነካክቶ ሲያጠፋው ነው።

የኢትዮ ቴሌኮም የበር ስም ታሪክ አለው፤ ኢቲሲ ዶት ኮም ነው። ኢቲሲ የድሮው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አጭር ስም ነው። ድርጅቱ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቢባልም በሩ ላይ የተጻፈው የድሮው ስም ነው። «ኢትዮ ቴሌኮም» ብሎ የበሩ ቦታ ላይ የሚጽፍ ሰው የማይሠራለት ለዚህ ነው።

ማስተካከያ ከመንካታችሁ በፊት

እነዚህን በቅደም ተከተል እዩ። ብዙው ሰው እዚሁ ላይ ይገላገላል።

1. ዳታው በርቷል? ከላይ ወደ ታች ስባችሁ «ሞባይል ዳታ» የሚለውን እዩ።
2. ዳታው የተመደበው ፓኬጅ ያለበት ሲም ላይ ነው?
3. ፓኬጁ አላለቀም? በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ደውሉ፤ ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም።
4. የኔትወርክ ዓይነቱ 2ጂ ብቻ ላይ አልተቀመጠም? ባትሪ ለመቆጠብ ብለው የሚቀይሩት አሉ። ወደ አውቶማቲክ መልሱት። 4ጂ እየመጣ እየሄደ በሚያስቸግርበት ቦታ 3ጂ ላይ ማስቀመጥ የተሻለ የሚረጋበት ጊዜ አለ።
5. የአውሮፕላን ምልክቱን ለግማሽ ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉት።
6. ሲሙን አውጥታችሁ የሚሠራ የሰው ስልክ ውስጥ ክተቱት። እዚያ ከሠራ ችግሩ የናንተ ስልክ ማስተካከያ ነው። እዚያም እምቢ ካለ ግን የሲሙ፣ የፓኬጁ ወይም የኔትወርኩ ጉዳይ ነውና ስልካችሁን አታሠቃዩ።

ኤፒኤን አሞላል

ስድስተኛው ፈተና «ስልክህ ነው» ካላችሁ እንዲህ አድርጉ።

በአንድሮይድ ስልክ (ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሳምሰንግ፣ ሬድሚ)፦ ሴቲንግ ግቡ። «ኔትወርክ» ወይም «ኮኔክሽን» ወይም «ሲም ካርድ» የሚለውን ክፈቱ፤ ስሙ በየስልኩ ይለያያል። ከዚያ «ሞባይል ኔትወርክ»፣ ዳታ የምትጠቀሙበት ሲም፣ ቀጥሎ «አክሰስ ፖይንት ኔምስ»። ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ «የመዳረሻ ነጥብ ስሞች» የሚል ፈልጉ። የመደመር ምልክቱን ነክታችሁ አዲስ ክፈቱ።

▪️ ስም፦ የፈለጋችሁትን፤ ለምሳሌ ኢትዮ። ይህ ለናንተ መለያ ብቻ ነው።
▪️ ኤፒኤን፦ ዋናው ይህ ነው። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ኢ፣ ቲ፣ ሲ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤም። ከነነጥቡ ሰባት ምልክት ብቻ። ኪቦርዱ ከነጥቡ በኋላ ባዶ ቦታ የመጨመር ልማድ አለውና ካለ አጥፉት። ነጥቡም የእንግሊዝኛው እንጂ የአማርኛው አራት ነጥብ አይሁን።
▪️ ፕሮክሲ፣ ፖርት፣ ዩዘርኔም፣ ፓስወርድ፦ ባዶ ይቅር።
▪️ ኤምሲሲ 636፣ ኤምኤንሲ 01፦ ብዙ ጊዜ ራሱ ይሞላል፤ አትቀይሩት።
▪️ ኤፒኤን ታይፕ፦ ባዶ ከሆነ በእንግሊዝኛ «ዲፎልት» ብላችሁ ጻፉ።
▪️ የቀረውን እንዳለ ተዉት።

ከዚያ ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ሴቭ» በሉ። ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ወደ ዝርዝሩ ስትመለሱ የሞላችሁትን ራሱን መርጣችሁ ክቡ ምልክት እንዲበራበት አድርጉ። ሞልቶ ሳይመርጥ የሚወጣ ሰው ስንት አለ! በመጨረሻ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ።

በአይፎን፦ ሴቲንግ፣ ሞባይል ዳታ፣ ሞባይል ዳታ ኔትወርክ። የመጀመሪያው ኤፒኤን ቦታ ላይ ያንኑ ሰባት ምልክት ጻፉ። ከውጭ የመጣ አይፎን ላይ የሌላ አገር ኩባንያ «ፕሮፋይል» ተጭኖ ከሆነ በ«ጀነራል» ውስጥ ገብታችሁ እሱን ማጥፋት ያስፈልጋል።

በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ሲም ያላችሁ የራሱ የበር ስም ስላለው የኢትዮ ቴሌኮሙን አትጻፉበት፤ በ700 ደውላችሁ ጠይቁ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 994 ነው። ኤፒኤን ለእያንዳንዱ ሲም ለየብቻ ነው የሚሞላው፤ ሲም አንድ ላይ የሞላችሁት ለሲም ሁለት አያገለግልም።

ማስተካከያ የማያድነው

ይህን ካልነገርኳችሁ ጽሑፉ ጎደሎ ነው። አጠገባችሁ ያለው ሰው፣ ያንኑ ኩባንያ ሲም ይዞ፣ እሱም ኢንተርኔት ካጣ ጉዳዩ የናንተ ስልክ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ጊዜ ኤፒኤን ቢሞላ ቢፈታ ለውጥ የለውም። በየሞባይል ቤቱ «እናስተካክላለን» ለሚል ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ሌላውን መንገድ መያዝ ነው።

ሌላው መንገድ አልጠፋም። የድምፅ ጥሪና አጭር መልእክት ከዳታ ተለይተው ይሠራሉ። ቴሌብርም በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይከፈላል። የምርት ገበያው ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው በ929 ደውሎ ዋጋ የሚሰማበትን መንገድ የዘረጋው፣ የግብርና ምክር የሚሰጠው 8028ም ለመደበኛ ስልክ የተሠራው ይህን አስበው ነው። ዳታ ሲጠፋ ገበያው ድሮ ወደሠራበት መንገድ መመለስ ነውር የለበትም።

ስልካችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኤፒኤን ለመሙላት የቴሌብር ወይም የባንክ የሚስጥር ቁጥር በፍጹም አያስፈልግም። የሚጠይቃችሁ ካለ ስልካችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። «ሙሉ በሙሉ ላጥፋውና እንደ አዲስ ልጫነው» የሚልም አለ። ያን ያህል ርቆ መሄድ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የደንበኛ ስልክ ቁጥር፣ የደረሰኝ ፎቶ፣ የክብደት መዝገብ አብሮ ይጠፋል። አይቀርም ካላችሁም አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ሲሠራላችሁ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ፤ ሚዛን ላይ እንደምትቆሙት።

ዋጋ ማወቅ ብቻ ይበቃል?

«ስልኩ ተስተካከለ፣ ዋጋውን አየሁ፣ ታዲያ ምን ተረፈኝ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በደንብ የተጠናም ነው። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ሕንድ ኬረላ ውስጥ ሞባይል ለሰርዲን ዓሣ አጥማጆች ሲደርስ የሆነውን ለካ። አጥማጆቹ ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ ወደየትኛው ወደብ እንደሚሄዱ ይመርጡ ጀመር። በገበያዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ፣ ገዢ አጥቶ የሚጣል ዓሣ ቀረ፣ የአጥማጁ ትርፍ 8 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የሸማቹም ዋጋ 4 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

በሌላ በኩል ማርሴል ፋፍሻምፕና ባርት ሚንተን (ሚንተን በኢትዮጵያም ብዙ የሠራ ነው) በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ማሃራሽትራ ውስጥ በስልክ መልእክት ዋጋ ይላክላቸው የነበሩ ገበሬዎች ከሌሎቹ ይህ ነው የሚባል የተሻለ ዋጋ አላገኙም።

ለኔ ሁለቱ አይጋጩም። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ወደ ሌላ ወደብ ማዞር ይችል ነበር። ዋጋ ጥቅም የሚሰጠው ሌላ ቦታ መሄድ ለሚችል፣ ወይም ማቆየት ለሚችል ሰው ነው። ካራቆሬ ዋና መንገድ ላይ ናት፤ ወደ ደቡብ አጣዬና ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ሰሜን ከሚሴና ኮምቦልቻ አሉላት። ግን ሁለት ኩንታል ያለው ገበሬ ብቻውን መኪና አይከራይም። ሁለት ኩንታሉን ወደ ሁለት መቶ የሚያደርሰው ማኅበሩ ነው። እንግዲህ የስልኩም የማኅበሩም ጉዳይ አንድ ላይ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ለየድርሻችን፦

👉 ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት፦ በየቀበሌው ስልክ ማስተካከል የሚያውቅ አንድ ወጣት መድቡ። አዝመራው ከመሰብሰቡ በፊት የአባላትን ስልክ አንድ ቀን ይፈትሽ። ዳታ ሲጠፋ ማን ለማን እንደሚደውልም ከወዲሁ ጽፋችሁ ለጥፉ።

👉 ላኪዎችና አቅራቢዎች፦ ዋጋ በፎቶና በቪዲዮ አትላኩ። ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ፎቶው እስኪከፈት ገበያው ይበተናል። አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃል፦ ምርት፣ ደረጃ፣ ቦታ፣ ዋጋ፣ ሰዓት። ሰዓቱን አትርሱ፤ ሰዓት የሌለው ዋጋ የትናንት ይሁን የዛሬ አይታወቅም።

👉 ገበሬዎችና ሰብሳቢዎች፦ ቴሌግራም ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አድርጉ። ፓኬጃችሁ ለዋጋ ይተርፋል፣ መልእክቱም ቶሎ ይገባል። ስልካችሁን ደግሞ ገበያ ቀን ሚዛን ላይ ሆናችሁ ሳይሆን ከገበያው በፊት ባለው ማታ ፈትሹት።

እኛም በበኩላችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የጠዋቱን ዋጋ ከሰንጠረዡ በፊት በአንድ መስመር ጽሑፍ እናስቀድማለን። ይህን ጽሑፍ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ማንበብ አይችልምና፣ ያነበባችሁ ለአንድ ሰው ስልኩን ከፍታችሁ አሳዩልኝ።

መልካም ገበያ!